ወደ ስሜን ሲኬድ ከኋላ የሚቀረው ተራራ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የሚጓዝ አውቶቡስ ገና ጎህ ሲቀድ እንጦጦን ያልፋል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲደርስ ብርዱ በመስኮቱ ይገባል፤ ከመንገዱ ዳር አትሌቶች እየተነፈሱ ይሮጣሉ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ትልልቅ የጀርባ ቦርሳ የያዙ ወጣቶች አይጠፉም። መንገዳቸው እስከ ደባርቅ ነው፤ ከ800 ኪሎ ሜትር ያላነሰ። ከዚያ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በእግር ተጉዘው ሊቆሙበት የሚመኙት ጫፍ እሜት ጎጎ ይባላል።

«እሜት» ድሮ የተከበረች ሴት የምትጠራበት ቃል ነው፤ ለዚህ ዐለት ስሙ ያንሰው እንደሆነ እንጂ አይበዛበትም። 3,926 ሜትር ከፍታ ላይ ከአምባው ተነጥሎ ወደ ገደሉ የዘለቀ ድንጋይ ነው፤ በሦስት ጎኑ አየር እንጂ ምድር የለም። በፓርኩ ውስጥ ካለው ግጭ ተነሥቶ ጅባራ የበቀለበትን ሜዳ ያቋረጠ መንገደኛ ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ ቆላው ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ይታየዋል። ዋልያ የሚውለው በዚህ ገደል ነው፤ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር ሌላ አገር የለውም። ጭላዳዎቹም ቀን ሜዳው ላይ ሣር ሲነጩ ውለው፣ ሲመሽ ለመተኛት ወደ ገደሉ ይወርዳሉ።

ይህን ሁሉ የሠራው እሳትና ዝናብ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የወጣው ቅልጥ ድንጋይ ቀጭን ስለነበር እንደ አጥሚት እየፈሰሰ፣ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ እየረጋ ተከመረ። ከዚያ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉና ወንዙ በየስንጥቁ እየገቡ ሸረሸሩት። እሜት ጎጎ ከዚያ ሁሉ ሽርሸራ የተረፈው ነው።

ከሱሉልታ በተቃራኒ፣ በጅማ መንገድ ባለችው ሰበታና በአምቦ መንገድ ባለችው ቡራዩ በኩል ደግሞ ማንም አውቶቡስ ተሳፍሮ የማይሄድበት ተራራ አለ። ወጨጫ ነው፤ በኦሮምኛ ቱሉ ወጨጫ። ቁመቱ 3,385 ሜትር፣ ማለትም ከእንጦጦ ይበልጣል። እሱም የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ እንደ ፉሪና እንደ የረር። ከስሜን ጋር ሲነጻጸር ግን ልጅ ነው፣ ዕድሜው ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ብቻ። ከውስጡ የወጣው ቅልጥ ድንጋይ ወፍራም ስለነበር እንደ ገንፎ እዚያው በወጣበት ተቆልሎ ቀረ። ከሜዳው ብድግ ብሎ የሚታየውም ለዚህ ነው።

ወጨጫ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። ይሁን እንጂ በጎኑ የተኛው የመናገሻ ሱባ ደን በአፍሪካ ጥበቃ ከተደረገላቸው ደኖች እጅግ ከጥንቶቹ አንዱ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው መራቆቱን አይተው፣ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተክለዋል። ከአራት መቶ ዓመታት በላይ አልፎ፣ አዲስ አበባ የማገዶ ረኃብ ገብቷት ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ በደረሱበት ዘመን እንኳን፣ ይህ ደን ጠባቂ አላጣም። ከተማዋን ከመዛወር ያዳናት የውጭው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሱባ ግን የአገሩን ዛፍ ይዞ ቆየ። ዛሬ ከታች ጽድ፣ ወይራና ዝግባ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ወደ ጫፉ ደግሞ አስታ ይገኝበታል። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይኖሩበታል።

ለደን እንዲህ ያለ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ስሜን በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ ሱባ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የጥበቃ ታሪክ ነበረው።

መዝገብ ብቻውን ተራራን እንደማያድንም ስሜን ራሱ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። ለዚያም ሰው ዋጋ ከፍሏል፦ የግጭ ነዋሪዎች አያት ቅድመ አያቶቻቸው የኖሩበትን መንደር ለቀው ወደ ደባርቅ ሰፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ቃጠሎ ተነሥቶ እሳቱን ለማጥፋት ከውጭ አገር ሄሊኮፕተር እስከ ማስመጣት ተደርሷል።

ወጨጫ ይህን ዋጋ ሳይከፍል ሊጠበቅ ይችላል፤ ጊዜው ግን ጠባብ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ቤቱም መንገዱም ወደ ተራራው እግር እየተጠጋ ነው። ከተማው ሲያቅድ ተራራውን እንደ ትርፍ መሬት ሳይሆን እንደ ውኃ ማማ ሊቆጥረው ይገባል፤ ከዚያ የሚወርደው ጅረት ሰበታን አልፎ አዋሽ ይገባልና።

ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ወደ ደባርቅ ለመሄድ ጊዜም ገንዘብም ያጠረው የሰበታና የቡራዩ ወጣት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሹራብና ውኃ ይዞ ወደ ሱባ ይውጣ፤ በር ላይ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይጠይቅ፤ የያዘውን ፕላስቲክም መልሶ ይዞት ይውረድ።