ክሪስታሉ ያላሳየው ቅርጽ፦ የባክቴሪያ ሰዓትና የካይቢ ነገር

እ.ኤ.አ. በ2005 በጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ የታካኦ ኮንዶ የምርምር ቡድን ሦስት ፕሮቲኖችን ከኤቲፒ ጋር በአንድ የመሞከሪያ ቱቦ ውስጥ ቀላቀለ። በቱቦው ውስጥ ሕዋስ የለም፤ ዘረመል የለም፤ ብርሃንና ጨለማም አይፈራረቁበትም። ሆኖም ካይሲ የተባለው ፕሮቲን ፎስፌት እየተቀበለና እየለቀቀ በየ24 ሰዓቱ ገደማ ዑደቱን ይደግም ነበር። የሙቀቱ መጠን ሲለወጥ እንኳ የዑደቱ ርዝመት እምብዛም አልተዛባም። እስከዚያ ድረስ የሕያዋን ሰዓት የሚሠራው ፕሮቲን የራሱን ዘረመል መልሶ በመግታት ነው የሚለው አስተሳሰብ ሰፍኖ ነበርና፣ ይህ ውጤት የጥያቄውን ቦታ አዛወረው። ጊዜ የሚቆጠረው በሞለኪዩሎች ውስጥ ከሆነ፣ መልሱ የሚጠበቀው ከመዋቅራዊ ባዮሎጂ ነው።

የካይሲ ክሪስታል መዋቅር አስቀድሞ በ2004 ታትሟል። ስድስት ቅጂዎች ተገጣጥመው፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ሁለት ቀለበት ይሠራሉ። ፎስፌቱ የሚያርፈው በሁለተኛው ቀለበት ባሉት ሴሪን 431 እና ትሪዮኒን 432 ላይ ነው፤ ሲቀበልም ሲለቅቅም ትሪዮኒኑ ይቀድማል። ካይኤ የካይሲን ጅራት ይዞ መቀበሉን ያፋጥናል፤ ሲመሽ ካይቢ መጥቶ ካይኤን ከሥራው ያግደዋል። (የዘርፉ ተመራማሪዎች የሰዓታቸውን ዜሮ ንጋት ላይ ያኖራሉ፤ ቀኑን ከንጋት ለሚቆጥር ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።)

ያስቸገረው ካይቢ ነው። በክሪስታል የታየው ካይቢ አራት አራት ሆኖ የተያያዘ፣ የተረጋጋ ፕሮቲን ነበር። ያን ቅርጽ ከካይሲ ጋር ለመግጠም ለዓመታት ተሞከረ፤ አንዱ ሞዴል ከመጀመሪያው ቀለበት፣ ሌላው ከሁለተኛው ያጣብቀው ነበር። ክርክሩ በጨዋነት ቢካሄድም መቋጫ አላገኘም፤ ሁሉም በእጃቸው የያዙት ሥራ የማይሠራውን ቅርጽ ነበርና።

በ2015 አንዲ ሊዋንግና ባልደረቦቹ ፍል ውኃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኙ ፕሮቲኖችን በኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ መረመሩ። ካይቢ ከካይሲ ጋር የሚያያዘው ከአራቱ ማኅበር ወጥቶ፣ ነጠላ ሆኖ፣ የሰንሰለቱን የኋለኛ ግማሽ እንደ አዲስ አጥፎ እንደሆነ አሳዩ። አዲሱ እጥፋት የታዮሬዶክሲንን ይመስላል። ይህ ቅርጽ ብርቅ ነው፤ ወደ እርሱ መሸጋገርም ዝግ ያለ ነው፤ ሰዓቱ የሚፈልገው መዘግየት አንዱ ምንጭ ይኸው ዝግታ ነው። በ2017 የወጡት መዋቅሮች ስድስት ካይቢዎች በመጀመሪያው ቀለበት ላይ ተደርድረው፣ ካይኤንም ይዘው አሳዩ።

የቀደሙት ክሪስታሎች ሐሰት አልነበሩም። ክሪስታል የሚያሳየው በብዛት ያለውንና ለመደርደር የሚመቸውን ነው፤ ሠራተኛው ግን ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቱ ሊሆን ይችላል። አንድ የመዋቅር ፋይል አውርዶ የመመረቂያ ጥናቱን በእርሱ ላይ ለሚመሠርት ተማሪ፣ ይህ ልዩነት የሦስትና የአራት ዓመት ድካም ዋጋ አለው።

ክሪስታሉ በዚያው ዓመት ዕዳውን ከፈለ ማለትም ይቻላል። አንድ ካይሲ በቀን የሚያፈርሰው ኤቲፒ 15 ገደማ ብቻ ነው፤ ለኢንዛይም እጅግ አዝጋሚ ፍጥነት ነው። በ2015 የታተመ ሌላ የክሪስታል ጥናት እንዳመለከተው፣ በመጀመሪያው ቀለበት ውስጥ ኤቲፒን መምታት ያለባት የውኃ ሞለኪዩል የተቀመጠችው ለምቱ ከማይመች ቦታ ላይ ነው።