ተራው የማን ነው?

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው ተራራማ መንገድ የሄደ ሰው ወንጪን ያውቃል። እንግዳ ወደ ሐይቁ ሲወርድ አስጎብኚ፣ ፈረስና ጀልባ ያስፈልገዋል። ይህን አገልግሎት ለዓመታት ሲያቀርብ የኖረው የነዋሪዎቹ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በጂቲዜድ እገዛ የተቋቋመ ነው። አሠራሩ በአጭሩ ሲነገር፣ ዋጋው የታወቀ ነው፤ ክፍያው በማኅበሩ በኩል ያልፋል፤ ሥራው በተራ ይዳረሳል።

«በተራ» የምትለዋን ቃል ብዙ ሰው አቅልሎ ያልፋታል። ግን የማኅበሩ ሕገ መንግሥት እሷ ናት።

እስቲ እናስበው። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት አንድ ፈረስ አላት። ጎረቤቷ አራት አለው። ተራው በሰው ከተቆጠረ ሁለቱ እኩል ይሠራሉ። በፈረስ ከተቆጠረ እሷ አንድ ጊዜ ስትሠራ እሱ አራት ጊዜ ይሠራል። የትኛው ነው ትክክል? እሱ «ለአራቱም የምገዛው ገብስ ነው እንጂ አፈር አይደለም» ቢል እውነት አለው። እሷም «ማኅበር የገባነው በነፍስ ወከፍ ነው እንጂ በጋማ ከብት አይደለም» ብትል እውነት አላት። ይህን ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚፈርድ ባለሙያ የለም። መፍረድ ያለበት ጠቅላላ ጉባኤው ነው።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የማኅበር የመጨረሻው ሥልጣን ያለው በጠቅላላ ጉባኤው እጅ እንደሆነ ይደነግጋል። በኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነም አዋጅ ቁጥር 985/2009 አለ፤ አንድ አባል፣ የቱንም ያህል ዕጣ ቢኖረው፣ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ወረቀቱ ላይ ችግር የለም።

ማኅበር የሚፈርሰው ወረቀቱ ላይ አይደለም። የሚፈርሰው ስብሰባው ገበያ ቀን ሲጠራ ነው። ቃለ ጉባኤው ከስብሰባው በኋላ ቤት ለቤት እየዞረ ሲፈረም ነው። የሒሳብ ሪፖርት በቃል ተነቦ «ተቀባይነት አገኘ» ሲባል፣ ደረሰኙን ግን ከገንዘብ ያዡ በቀር ያየው ሰው ሲጠፋ ነው። ሊቀመንበሩ «ከኔ ሌላ ማን ከወረዳው ጋር ይነጋገራል?» ማለት የጀመረ ቀን ነገሩ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ጩኸት ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ሕዝቡ ይህን ጥበብ አለማጣቱ ነው። በዕድር ያልተገኘ ይቀጣል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የሆነው ኦዳ ቢሲል በዚሁ ዞን ነው። በገዳ ሥልጣን ስምንት ዓመት ነው፤ ሲያልቅ ለተረኛው ይተላለፋል። ተራ ማለት ለዚህ አገር ሰው ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ታዲያ ለሥልጣን ተራ የሠራ ሕዝብ ለፈረስ ማኅበር ሊቀመንበር ተራ እንዴት ያቅተዋል?

አሁን ነገሩ ለምን አንገብጋቢ ሆነ? ወንጪ የቀድሞው ወንጪ ስላልሆነ ነው። በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው «ገበታ ለሀገር» ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመረጠ። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ ሰየመው። መንገድ ገባ፣ ሎጅ ተሠራ። ይህ ለአካባቢው ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ትልቅ ገንዘብ ሲመጣ የሚመጣ ጥያቄም አለ። ሎጅ የራሱን ፈረስና ጀልባ ቢያሰማራ የማኅበሩ ተራ ምን ይሆናል? ዋጋውን ማን ይቆርጣል? ጉባኤ የማይጠራ፣ ሒሳቡ የማይታወቅ ማኅበር በዚህ ጠረጴዛ ላይ ወንበር አያገኝም፤ ቢያገኝም የሚቀመጥበት ሊቀመንበሩ ብቻ ነው።

ባለቤቱ ሳይጠየቅ ሲወሰን የሚሆነውን ደግሞ ምዕራብ ሸዋ ከማንም በላይ ያውቃል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ተቃውሞው የተጀመረው በማስተር ፕላን ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የተማሪዎች መጫወቻ ሜዳና የጭሊሞ ደን ጉዳይ ነበረበት። ያው የጭሊሞ ደን ግን ሌላም ታሪክ አለው። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ከመንግሥት ጋር ውል ይዘው፣ ደኑን እየጠበቁ የሚጠቀሙበት አሠራር ተዘርግቶበታል። አንዱ ደን ሁለቱንም ትምህርት ይሰጣል። ውል ያለው አባል ጠባቂ ይሆናል፤ ያልተጠየቀ ባለቤት ደግሞ መንገድ ላይ ይወጣል።

«ተራ ሰነፍ ያበረታታል» የሚሉ አሉ። ጀርባው የቆሰለ ፈረስና የተቀለበ ፈረስ እኩል ከሠሩ ማን ፈረሱን ይቀልባል? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንግዳውም ይህን ያያል። መልሱ ግን ተራውን ማፍረስ አይደለም። የቆሰለ ፈረስ እስኪድን ተራው ይለፈው ብሎ መወሰን ይቻላል። ያን ደንብ ባለፈረሶቹ ራሳቸው ካወጡት ይከበራል፤ ከላይ ከወረደ ግን በዘመድ ይታለፋል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። የወሩ ገቢና ወጪ በኦሮምኛ ተጽፎ በቢሮው በር ላይ ይለጠፍ። የሥራ አመራሩ ዘመን ይገደብ፤ ዘመኑ ያለቀበት ደግሞ እንደ ማንም ባለፈረስ ተራ ይጠብቅ። ከሎጅም ከመንግሥትም ጋር የሚደረግ ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፤ ከመፈረሙ በፊት ጉባኤው ፊት ይነበብ።

ያቺ አንድ ፈረስ ያላት እናት እጇን አውጥታ «ኦቦ ሊቀመንበር፣ ደረሰኙን አሳዩን» ስትል ማንም ካልሳቀባት፣ ያ ማኅበር የአባላቱ ነው። ከተሳቀባት ግን ሐይቁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መንገዱም አስፋልት ቢሆን፣ ተራው የእሷ አይደለም።