ጀጎል፦ በትንሽነቷ የምታስተምር ከተማ



ወደ ሐረር ስጓዝ ልቤ የቀረው ከሰፈራችን ክርክር ጋር ነበር። የሰፈራችን ጀመዓ፣ በየመንደሩ ያሉትን ትናንሽ መስጊዶች ዘግተን ከአስፋልቱ ዳር አንድ ትልቅ መስጊድ እንሥራ በሚል ሐሳብ ለሁለት ተከፍሏል። እኔም "ትልቅ ይሻላል" ከሚሉት ወገን ነበርኩ።

በሸዋ በር በኩል ወደ ጀጎል ገባሁ። ጀጎል አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ የታጠረችው ጥንታዊት ሐረር ናት። ስፋቷ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት በውስጧ 82 መስጊዶች እንዳሉ፣ ሦስቱም ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ መሆናቸውን ገልጿል። እስቲ አስሉት! በአማካይ ለአንድ መስጊድ የሚደርሰው መሬት ከግማሽ ሄክታር ጥቂት ቢበልጥ ነው።

የዐስር አዛን ሲሰማ በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ነበርኩ። የግራና የቀኙ ግንብ ጥላ ሆኖኛል። አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፉ ከደጃቸው ወጡ። ልደግፋቸው ጠጋ ብል፣ "ተው ልጄ፣ መንገዱን እግሬ ያውቀዋል" አሉኝ። እውነትም ኢቃም ሳይባል ደረስን። መኪና አላስፈለገን፣ ደጋፊም አላስፈለጋቸው።

የሰገድነው ሁለት ሰፍ እንኳ ሳንሞላ ነው። ሶላቱ ሲያበቃ ኢማሙ ዞር ብለው አንድ ሰው መቅረቱን አዩና ልጅ ላኩ። ልጁም ወዲያው ተመልሶ ሰውየው እንዳተኮሳቸው ተናገረ። ሰጋጆቹ ተያይዘው ሊጠይቋቸው ሄዱ። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ አሰብኩ፦ ሺህ ሰው በሚሰግድበት አዳራሽ ቢሆን ኖሮ መቅረታቸውን ማን ያይ ነበር?

ትልቅ መስጊድ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ሐረሮችም ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ጃሚዕ መስጊድ አላቸው። ግን ጃሚዑ ትናንሾቹን አላዘጋም። ወደ መስጊድ በሚደረግ እያንዳንዱ እርምጃ አጅር እንዳለም እናውቃለን፤ ጉልበት ላለው ወጣት ይህ ታላቅ ብስራት ነው። ይሁንና ሙዓዝ (ረ.ዐ) እያሰገዱ ሶላቱን ባስረዘሙ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኋላ ደካማ፣ ሽማግሌና ጉዳይ ያለበት ሰው እንዳለ አስታውሰዋቸዋል። መልካም ነገር እንኳ ሲበዛ ደካማውን ወደ ኋላ ሊያስቀር ይችላል ማለት ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባችን ሐሳቤን መቀየሬን እናገራለሁ። ለወንድሞቼም አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ አስፋልቱን መሻገር የማይችሉት አባቶቻችን ሱብሒን የት ይሰግዳሉ?

ወላሁ አዕለም።