«ማር ስላለበት ነዋ!»

ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ ቁርስ ላይ ነው። የዚህ ወግ ጸሐፊ ዳቦው ላይ ማርማላታ እየቀባ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያወራትን ወሬ እንደ ልማዱ ጀመረ። የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ታመመች፤ እህል አልወርድ አላት፤ ወጥ ቤቷ ብርቱካን በስኳር ቀቅሎ አቀረበላት፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ደንገጡሮቿ «ማሪ ማላድ፣ ማሪ ማላድ» (ማሪ ታማለች) እያሉ ሲሯሯጡ ማርማላድ የሚለው ስም ከዚያው ተወለደ። እንግዶቹ ሳቁ። የእህቱ ልጅ ግን ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ «ጋሼ፣ ሜሪ የተወለደችው መቼ ነው?» አለችው።

በ1542 ነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። ችግሩ ገና በ1524 ሚስተር ሃል የተባለ የኤክሰተር ሰው ለእንግሊዙ ንጉሥ ለሄንሪ 8ኛ አንድ ሣጥን ማርማላድ በገጸ በረከትነት ማቅረቡ ነው። ስሙ በሽተኛዋን ቢያንስ በ18 ዓመት ይቀድማታል።

ወሬዋ እዚህ ላይ መቀበር ነበረባት፤ ጸሐፊው ግን ሳምንት ሙሉ አልለቀቃትም። ምክንያቱ ኀፍረት ነው። ከዓመታት በፊት የቃሉ ነገር ሲነሳ የሰፈሩ ባለሱቅ «ማር ስላለበት ነዋ!» ብሎ ገላግሎት ነበር፤ ጸሐፊውም ባንኮኒውን ተደግፎ ስለ ሜሪ ረዥም ትምህርት ሰጥቶታል። ያ ትምህርት አሁን እንዴት ይመለሳል?

ፍንጩ ያለው «ሣጥን» የሚለው ቃል ላይ ነው። ዛሬ በጠርሙስ የሚሸጠው ማርማላታ ሣጥን ውስጥ ቢገባ በየስንጥቁ ይፈስ ነበር። ለሄንሪ የቀረበው ግን በቢላዋ የሚቆረጥ፣ እንደ ሳሙና ድርቅ ያለ ጣፋጭ ሳይሆን አይቀርም፤ ብርቱካንም የለበት። በዚያ ዘመን ማርማላድ የሚባለው ፖርቱጋሎች ማርሜሉ፣ እንግሊዞች ኩዊንስ ከሚሉት ፍሬ የሚሠራው ነበር። ስፔኖች ዛሬም ይህንኑ ቆርጠው ከአይብ ጋር ይበሉታል። ፖርቱጋላዊው ጸሐፌ ተውኔት ዢል ቪሴንቴ በ1521 ተውኔቱ ውስጥ ማርሜላዳን አንስቷታል። ቃሉ ጣሊያን ገብቶ ማርሜላታ ሆነ፤ ከጣሊያኖቹ ጋር ደግሞ እንደ ፎርኖና እንደ ማኪያቶ አማርኛ ውስጥ ገባ። ፍሬው ግን አብሮ አልመጣም።

ቤሩት ለዓመታት ሰው ቤት የሠራችው የጸሐፊው አክስት ስለ ፍሬው በስልክ ሲነገራት «ሰፈርጀል ነዋ! እጄን የፈጀው እሱ አይደል!» ብላ ጮኸች። ጥቅምት አካባቢ በካርቶን ይመጣል። ቢጫ ነው፤ ቅርጹ ፒር ይመስላል፤ ላዩን ግራጫ ጠጉር ለብሷል። ጠጉሩ በጨርቅ ተወልውሎ ይነሳል። ሽታው ቤቱን ይሞላል፤ ጥሬውን የነከሰ ግን ምላሱ ተይዞ አፉ ይደርቃል። «እንደ እንጨት ነበር የምፈልጠው» አለች። ከስኳር ጋር ለሰዓታት ሲንተከተክ ነጩ ሥጋ መጀመሪያ ሮዝ፣ ኋላ ቀይ ይሆናል። «ማንም ቀለም አልጨመረበት፣ ዓይኔ እያየ!» እውነቷን ነው። ቀለሙ የሚወጣው ያንኑ አፍ የሚያደርቀውን ታኒን ሙቀቱና የፍሬው አሲድ ሲሰባብሩት ነው። የሚያረጋው ደግሞ በሥጋውና በፍሬው ልብ ውስጥ የሞላው ፔክቲን ነው።

ዛፉ በሳይንስ ስሙ ሲዶኒያ ኦብሎንጋ ይባላል። የትውልድ አገሩ ካውካሰስና ሰሜን ኢራን ሆኖ ሳለ ስሙ የወጣው በቀርጤስ ደሴቷ ኪዶኒያ፣ ዛሬ ሃንያ በምትባለው ከተማ ነው። ስም ላይ ዕድል የለውም። የጽጌረዳ ቤተሰብ ስለሆነ ፖምና ፒር የቅርብ፣ የኢትዮጵያው ኮሶ ደግሞ የሩቅ ዘመዶቹ ናቸው፤ ለአመሉ በዘር ቢያሳብብ አይፈረድበትም። ቁመቱ ከ8 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ማጠሩ ለገበሬ ጠቅሟል፤ ፒር በኩዊንስ ሥር ላይ ሲዳቀል ዛፉ አጥሮ ቶሎ ያፈራል። ፕሉታርክ እንደሚለው ደግሞ የአቴንሱ ሕግ አውጪ ሶሎን ሙሽሪት ወደ መኝታ ቤት ከመግባቷ በፊት ኩዊንስ እንድትቀምስ ደንግጎ ነበር። አክስቲቱ ይህን ስትሰማ «ጥሬውን?» ብላ ነው የጠየቀችው።

ብርቱካን ስሙን የወሰደው ኋላ መጥቶ ነው፣ ያውም በብሪታንያ። ነገሩ ሕግ እስከ መሆን ደረሰ፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ባወጣው መመሪያ «ማርማላድ» ተብሎ የሚሸጠው ከብርቱካንና ከሎሚ ወገን የተሠራው ብቻ ሆነ። ጀርመንና ኦስትሪያ አኩርፈው በ2004 ለተወሰነ የአገር ውስጥ ገበያቸው ፈቃድ አገኙ፤ በ2024 ደግሞ አገሮች ከፈለጉ ሌላውንም ጃም ማርማላድ እንዲሉ ተፈቀደላቸው። ስም አውጪው ፍሬ በገዛ ስሙ ለመጠራት ደጅ ሲጠና ማየት ጸሐፊውን አሁንም ያበሳጨዋል።

የባለሱቁ ነገር ቀርቷል። ማርሜሉ የመጣው ከላቲኑ ሜሊሜሉም ነው፤ እሱም ከግሪክ፦ ሜሊ ማር፣ ሜሎን ፖም። የማር ፖም! በአፒኪዩስ ስም የሚታወቀው የሮማውያን የምግብ መጽሐፍም ኩዊንስን ከነቅርንጫፉና ከነቅጠሉ ማር ውስጥ ነክሮ ማቆየትን ያስተምራል። ፊደሎቹ በዘመን ብዛት ተፍቀው «ሜሊ» ወደ «ማር» ተለወጠ። ከአማርኛው ማር ጋር ዝምድና የለውም፤ ግን ማርማላታ ውስጥ ያለው «ማር» በእርግጥም ማር ነው። የተማረው ተሳስቶ ባለሱቁ በአጋጣሚ ልክ ሆኖ ተገኘ።

ሰኞ ጠዋት ጸሐፊው ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። ባንኮኒውን ተደግፎ ከሄንሪ ሣጥን እስከ ግሪክ ያለውን ሁሉ ዘረዘረ። ባለሱቁ ስኳሩን መዝኖ እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰማው። ከዚያ ቀና ብሎ «ሜሪ ደግሞ ማናት?» አለው።