ብረት ዘመድ የለውም

ጎንደር ሳለን የቤታችን መተዳደሪያ እርሻና ቅጥቀጣ ነበር። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የምናርሰው የሰው መሬት ስለሆነ ከእህሉ ለባለርስቱ እናካፍል ነበር። እኔ ጠዋት ከቄሱ ዘንድ ኦሪትን በግዕዝ እማራለሁ፤ ከዚያ በሬ እጠምዳለሁ። አባቴ ደግሞ ለመንደሩ ሰው ማረሻ ይሠራል። ልጆች ወደ ሥራው ስንጠጋ «ብረት ዘመድ የለውም፣ ራቁ!» ይለን ነበር።

አሁን በእስራኤል፣ እኛ ሽማግሌዎቹ በጋራ የምናለማት ጊና አለችን። ጎመን፣ በቆሎ፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም እንተክላለን። በሬ የለም። ያለን ረጅም ዘንግ ላይ ሞተር ያለው መሣሪያ ነው። ጫፉ ይቀያየራል፤ አንድ ጊዜ ሣር ማጨጃ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እየተሽከረከረ አፈር የሚቆፍር ጥርስ ይገጠምለታል።

በሬ «ቁም» ስትለው ይሰማል፤ ሲደክመው ይቆማል። ሞተር ግን ድምፅህን አያውቅም። የሚደክመው አንተ ነህ፤ አደጋም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ መሬቱን በእግሬ ዞሬ አያለሁ። ድንጋዩን፣ ሽቦውን፣ የጠብታ መስኖውን ቱቦ አነሳለሁ፤ ጥርሱ ላይ ከተጠመጠመ ጣጣ ነው። የዚህ አገር በጋ መሬቱን ጡብ ያደርገዋልና አስቀድሜ ውኃ አጠጣዋለሁ። በደረቅ መሬት ጥርሱ አይገባም፣ ይዘላል። ጭቃ ከሆነም እስኪጠፈጥፍ እጠብቃለሁ።

ጥርሱን ስገጥም ወይም የተጠመጠመ ሣር ሳወጣ ሞተሩ ይጠፋል፣ የካንዴላውም ገመድ ይነቀላል። ሽፋኑን ከቶ አላወልቅም። ኦሪት አዲስ ቤት የሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞትበት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዛለች። ያ ሽፋን የዚህ መሣሪያ መከታ ነው።

ሽፍን ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ የዓይን መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ አደርጋለሁ። ሁለቱም እጆቼ መያዣው ላይ ናቸው። አንዴ በጥልቀት ከመግባት ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ መመላለስ ይሻላል፤ በበሬም ቢሆን ደጋግመን ነው የምናርሰው። ሰው 15 ሜትር ያህል ይርቃል። ቤንዚን የምጨምረው ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ ነው።

አንድ ዓርብ የልጅ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር መጣ። እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ። «ሳባ፣ ስጠኝ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» አለኝ።

«ሂድና ጫማ አድርገህ ና።»

«ፈራህ እንዴ?»

«አዎ ልጄ፣ ለእግርህ ፈራሁ።»

ጓደኞቹ ሳቁ። እሱም ተቆጥቶ ሄደ። ሦስት ዓርብ ሳይመጣ ቀረ። ባለቤቴ «ልጁን በሰው ፊት አሳፈርከው» አለችኝ። ነገሩ ከበደኝ። ልጆቻችን ቋንቋችንን እየተዉ ነው፤ ከእኛ ጋር አብረው የሚውሉበት ነገር ጥቂት ነው። ለእኔና ለእሱ የቀረችን ያች ጊና ነበረች። ቢሆንም ቃሌን አላነሳሁም። የተቀየመ ልጅ ይታረቃል፤ የተቆረጠ ጣት ግን አይበቅልም።

በአራተኛው ዓርብ የወንድሙን የወታደር ጫማ አድርጎ መጣ። ምንም አላለኝም፣ እኔም ምንም አላልኩትም። መነጽሩን ሰጠሁት።

አሁን የመሣሪያውን መመሪያ በዕብራይስጥ የሚያነብልኝ እሱ ነው፤ እኔ ዕብራይስጥ ማንበብ ይከብደኛል። እሱ ያነባል፣ እኔ አፈሩን በእጄ ጨብጬ «ዛሬ ይታረሳል» ወይም «ነገ ይሁን» እለዋለሁ። ነገ ይሁን ስለው ይቀመጣል፣ ቡናም አብረን እንጠጣለን።