ፎቶው ያላሳየን ደረጃ

ቢሾፍቱ የገባነው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነበር። ሁለት መኪና ሙሉ፣ 11 ሰው ነን፤ እኛ አራት፣ የወንድሜ ቤተሰብ አምስት፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ከቨርጂኒያ የመጣችው እህቴ እና እማዬ። እማዬ ከፊት ወንበር ላይ ሆና ነጠላዋን አስተካከለችና በመስኮቱ እያየች «ቤቱ የታለ?» አለች። ቤቱ ከላይ ነበር። ከግቢው በር እስከ በረንዳው 26 የድንጋይ ደረጃ አለ፤ መደገፊያ የለውም። የእማዬ ጉልበት ደግሞ ካመማት ወዲህ የሚታዘዛት ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ነው።

አባታችን ካረፈ ወዲህ እማዬ ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ በቀር ከቤቷ ወጥታ አታውቅም። ለዚህ ጉዞ እሺ ለማሰኘት አንድ ወር ፈጅቶብናል። ወንድሜና ባለቤቴ በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አወጧት። «ሳልሞት ተሸከማችሁኝ» አለች እየሳቀች። ሁላችንም ሳቅን። ሰኞ በዓል ስለነበር ሁለት ሌሊት ነበር የተከራየነው፤ እማዬም ሁለቱንም ቀን ከዚያች በረንዳ አልወረደችም። ልጆቹ ታች ሲጫወቱ ድምፃቸውን ብቻ ነበር የምትሰማው።

ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የሚያሳፍረው ደግሞ ሥራዬ ማርኬቲንግ መሆኑ ነው። ፎቶግራፍ አንሺውን «እዚህ ጥግ ቁምና ሰፋ አድርገህ አንሳው» የምለው፣ ለብሮሹሩ ሰማዩ ደመና የሌለበትን ቀን የምመርጠው እኔ ነኝ። ቴሌግራም ላይ ያየኋቸው ፎቶዎች አንዳቸውም ሐሰት አልነበሩም። ሐይቁ አለ፤ በረንዳው አለ፤ ፎጣው በዳክዬ ቅርጽ የታጠፈበት አልጋም አለ። ከ10ሩ ፎቶ አራቱ ሐይቅ፣ ሦስቱ አልጋ፣ ሦስቱ ሳሎን ነበሩ። የግቢው በር የለም፣ ደረጃው የለም፣ ወጥ ቤቱ የለም፣ መታጠቢያ ቤቱ የለም። በእኛ ሙያ ፎቶ ያልተነሳ ነገር ብዙውን ጊዜ ተረስቶ አይደለም። ይህን እያወቅኩ ሐይቁን አይቼ ቀብድ ላክሁ።

ስለዚህ ለቤተሰብ ማረፊያ የሚሆን ቤት ለመከራየት ስታስቡ ስልካችሁን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ፤ ከመካከላችን መንቀሳቀስ የሚከብደው ማን ነው? አያት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች፤ ገና መራመድ የጀመረ ልጅም ሊሆን ይችላል። ቤቱ የሚመረጠው ለዚያ ሰው ነው። ሌሎቻችን የትም እንተኛለን።

ቦታውም በዚሁ ሰው ይወሰናል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በፈጣን መንገዱ ከሄዳችሁ ልጅ «ደረስን ወይ?» እያለ ሳያሰለቻችሁ ትገባላችሁ፤ ሰው ቢታመም ወደ ቤት መመለሻው ቅርብ ነው። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ የሐይቁ ዳር መንገድም ለእግር ጉዞ ስለሚመች፣ ለአረጋዊ ከቢሾፍቱ ይልቅ ሐዋሳ ይሻላል ባይ ነኝ። ነገር ግን ለሁለት ሌሊት ብላችሁ አትሂዱ፤ አንዱ ቀን በመንገድ ያልቃል። ላንጋኖ ልጆች የሚዋኙበት ቡናማ ውሃ አለው፤ እዚያ ግን በብዛት የምታገኙት ሎጅ እንጂ ሙሉ ቤት አይደለም። ሐዋሳም ላንጋኖም ወባ አለ፤ አልጋዎቹ አጎበር እንዳላቸው ጠይቁ። ቢሾፍቱም ቢሆን ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ስለሆነ ከወባ ነፃ ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

ቀኑንም እዩ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሁድ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል፤ ለበዓሉ ካልሆነ በቀር በዚያ ሰሞን ቤት አትፈልጉ። ሐዋሳም በታኅሣሥና በሐምሌ የገብርኤል ንግሥ ሲደርስ እንዲሁ ነው።

ወደ ቤቱ ልመለስ። የቢሾፍቱን ሐይቆች የምናውቃቸው በውበታቸው ነው፤ አፈጣጠራቸውን ግን ልብ አንለውም። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የቆፈራቸው ጎድጓዶች ናቸው። ዳርቻቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ውሃውም ከዳር ብዙም ሳይርቅ ይጠልቃል። «ሐይቁን የሚያይ ቤት» ማለት እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ቤት ማለት ነው። እሁድ ጠዋት የአራት ዓመት ልጄ ኳስ ተከትሎ ወደ ጓሮ ሮጠ። ጓሮው የሚያልቅበት ቦታ ላይ አጥር የለም፤ የተደረደሩ የአበባ ማሰሮዎች ብቻ አሉ። ወንድሜ በሹራቡ ኮሌታ ያዘው። ኳሱ ሲንከባለል ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር። ለእማዬ አልነገርናትም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አንድም ቁጭ ብዬ አላረፍኩም፤ ሐይቁን ለማየት የከፈልኩት ገንዘብ ልጅ ጥበቃ ላይ ዋለ። መዋኛ ገንዳ ያለው ቤትም እንዲሁ ነው፤ ገንዳው አጥርና የሚቆለፍ በር እንዳለው ሳትጠይቁ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ አትግቡ።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃ ነው። «ውሃ አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «አለ» ትባላላችሁ፤ እኔም ተብያለሁ። መጠየቅ ያለበት ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣው በየትኛው ቀን ነው የሚለው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ይጠቀማል ብላችሁ ብታስቡ 11 ሰው በሁለት ቀን 1,320 ሊትር ይፈልጋል። የእኛ ሮቶ 1,000 ሊትር ነበር። እሁድ ማታ የወንድሜ ሚስትና እኔ ሰሃን ያጠብነው ከጎረቤት በጄሪካን በመጣ ውሃ ነው። ውሃው በፓምፕ የሚሳብ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ውሃውም አብሮ እንደሚጠፋ አትርሱ፤ ጀነሬተር አለ ከተባላችሁ ፓምፑን ያነሳል ወይ፣ ነዳጁስ የማን ነው ብላችሁ ጨምሩበት።

ሰሃን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ባህል ቤት ተከራይቶ እረፍት መውጣት ማለት አንዳንዴ ሴቶቹ ወጥ ቤት ቀይረው ማብሰል ማለት ነው። በዚያ ቅዳሜና እሁድ በእውነት ያረፉት ወንዶቹና ልጆቹ ነበሩ። አሁን ከቤቱ ዋጋ ጋር አብሬ የማስበው በቀን ሒሳብ የምታበስልና የምታጥብ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘበኛው የሚያውቃት ጎረቤት አለች። ወጡን ሠርታችሁ አቀዝቅዛችሁ፣ እንጀራውንም ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። በጾም ወቅት ከሆነ ድስትም ያዙ፤ ትናንት ሥጋ በተሠራበት ብረት ድስት ሽሮ አልበላም የሚሉ እናት ካሏችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ደግሞ ቡና ማፍላት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ከሰልና ጭስ በረንዳ ላይ እንኳ የሚከለክል ባለቤት አለ። እናታችሁን ቡና ወደማይፈላበት ቤት ወስዳችሁ «እረፊ» ማለት አይሆንም።

ከሆቴል ይረክሳል ወይ? እንደ ብዛታችሁ ነው። አራት ሰው ሆናችሁ ለአንድ ሌሊት ከሆነ፣ ያለ ጭንቀት ሆቴል ግቡ፤ ቁርሱም ይቀርብላችኋል። 11 ሰው ግን ቢያንስ አራት ወይም አምስት ክፍል ይፈልጋል፤ በየቀኑ የ11 ሰው ምሳና እራት በሜኑ ሲከፈል ደግሞ ቤቱ ያዋጣል። እኔ የቤቱን ኪራይ ወስጄ ግማሹን እጨምርበታለሁ፤ አስቤዛ፣ ጋዝ፣ የምታበስለው ሰው ክፍያ፣ የዘበኛው ጉርሻ። ድምሩን ለቤተሰብ ከማካፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ። ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉንም ይሸፍናል ብሎ ዝም ማለት የተለመደ ነው፤ እህቴም ዝም ብላ ከፈለች። አሁን ሳስበው ደስ አይለኝም።

ቀብዱን በተመለከተ፣ ደላላውን ማለፍ ባትችሉ እንኳ ባለቤቱን ወይም ተወካዩን ሳታነጋግሩ አትላኩ። የሚላክበት ሒሳብ ስም ካነጋገራችሁት ሰው ስም ጋር ይመሳሰል። ያው ፎቶ በሌላ ቻናል በሌላ ስምና በሌላ ዋጋ ወጥቶ እንደሆነ ፈልጉ፤ ካገኛችሁት ተዉት። ከዚያ የቪዲዮ ጥሪ ጠይቁ፤ ከግቢው በር ጀምሮ በእግር እየሄዱ ያሳዩአችሁ፣ ደረጃውን ይቁጠሩላችሁ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ይክፈቱላችሁ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። «ኔትወርክ የለም» እያለ ሦስት ቀን የሚያጉላላችሁ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል።

በመልእክቱ ላይ ደግሞ «ቀብድ» የሚለውን ቃል ጻፉት፤ ቀኑን፣ የሌሊቱን ብዛት፣ የሰዉን ብዛትና ቀሪውን ክፍያ ጨምሩበት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በእርግጥ ለ10 ሺህ ብር ፍርድ ቤት የሚመላለስ የለም። ግን የበዓል ሰሞን የተሻለ ዋጋ ያቀረበ ሰው ሲመጣ «ቤቱ ተይዟል፣ ይቅርታ» ብሎ ከመደወሉ በፊት ባለቤቱን ቆም ያደርገዋል።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ዘበኛውን ማነጋገር ነው። ደላላ ስለ ቤቱ የሚያውቀው ዋጋውን ነው፤ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ማክሰኞ ውሃ እንደሚመጣ፣ የጎረቤት ሙዚቃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጮህ፣ የኋላው መኝታ ቤት በዝናብ እንደሚያፈስ የሚያውቀው እዚያ የሚያድረው ሰው ነው። በስልክ አገናኙኝ በሉ። በሁለተኛው ጉዟችን ያገኘኋቸው ዘበኛ አዛውንት ናቸው። «ጋሼ፣ እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ቤቱ ይመቻታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ከመኪና ወርደው ሳሎን እስኪገቡ አንድ መድረክ ብቻ ነው ያለው። መጸዳጃ ቤቱ ግን ቁም ሻወር ነው፣ ያንሸራትታል፤ በርጩማ አስቀምጥላቸዋለሁ» አሉኝ። ስለ ሐይቁ ስጠይቃቸው «ሐይቁ እንኳ አይታይም፣ ልጄ» አሉ። ቀብዱን የዚያኑ ቀን ላክሁ።

ለሁለተኛው ጉዞ እህቴ አልነበረችም፤ ፈቃዷ አልቆ ተመልሳ ነበር። ያንን ቅዳሜና እሁድ መልሶ የሚያከራየን የለም። በቪዲዮ ደውላ አልጋውን፣ ግቢውን፣ የአቮካዶ ዛፉን አሳየናት፤ እማዬ ስልኩን ተቀብላ «ይሄኛው ቤት ደህና ነው፣ መሬት ላይ ነው» አለቻት።

በማግስቱ ማለዳ ትልቋ ልጄ «አያቴ አልጋዋ ላይ የለችም» ብላ ቀሰቀሰችኝ። ባዶ እግሬን ሮጬ ወጣሁ። ሳሎን የለችም፤ ከዛፉም ሥር የለችም፤ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። እማዬ ከበሩ ውጭ፣ በጋሼ በርጩማ ላይ፣ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ከጎመን ሻጯ ጋር ዋጋ ትከራከራለች። ጋሼ ከጎን ቆመው ያስማማሉ። ቀና ብላ አየችኝና «ምን ቆመሻል? ጀበናውን ጣጂ እንጂ፤ እንግዳ አለን» አለችኝ።