ፔንግዊኑ ላስታ ሲደርስ

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ቢዝነስ ስማር ቀድሞ የገባኝ ነገር ገበያን መከፋፈል ነው። ደንበኛህ ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነና ምን ያህል መክፈል እንደሚችል ታጠናለህ፤ ከዚያ ገንዘብህንና ጉልበትህን ብዙ ሰው ወዳለበት ታዞራለህ። ጥቂቶቹን ትተዋቸዋለህ። ጭካኔ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን እኔ ራሴ ከሚተዉት ጥቂቶች አንዱ እሆናለሁ። ጌም እወዳለሁ፤ የምጫወተውም ሊኑክስ ላይ ነው።

«ሊኑክስ ደግሞ ምንድን ነው?» ለምትሉ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። ኮምፒዩተር ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ባዶ ዕቃ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ዊንዶውስ ነው። ሊኑክስን ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጀመረው፤ ከዚያ በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች ተቀባብለው አሳደጉት። ማንም በነፃ ሊወስደው፣ ውስጡን ሊያየውና ሊያሻሽለው ይችላል። ምልክቱ ጠግቦ የተቀመጠ የሚመስል ወፍራም ፔንግዊን ነው። ለቤታችሁም እንግዳ አይደለም። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ ከሥሩ የሚሠራው የሊኑክስ እምብርት ነው።

ችግሩ ያለው ጌም ላይ ነው። ለዊንዶውስ የተሠራ ጌም ሊኑክስ ላይ ዝም ብሎ አይከፈትም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማሸጋገር አለበት፤ በእንግሊዝኛው «ፖርት» ማድረግ ይሉታል። መተርጎም በሉት። ታሪኩ ያው ነው፣ ቋንቋው ግን ሌላ ነው፤ ትርጉሙ ደግሞ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሎኪ ሶፍትዌር የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የታወቁ ጌሞችን ለሊኑክስ ማሸጋገርን ሥራዬ ብሎ ተነሣ። በ2002 ተዘጋ። ገዢው ጥቂት ነበር። እኔ የተማርኩት ሒሳብ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሆኖም ነገሩ በዚያ አላበቃም። ስቲም የሚባለውን ትልቁን የኮምፒዩተር ጌም መደብር የሚያስተዳድረው ቫልቭ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 መደብሩን ለሊኑክስ ከፈተ። በነሐሴ 2018 ደግሞ ፕሮቶን የሚባል መሣሪያ ለቀቀ። ፕሮቶን የቆመው ዋይን በተባለ፣ በጎ ፈቃደኞች ከ1993 ጀምሮ ሲያሳድጉት በኖሩት ሥራ ላይ ነው፤ የዊንዶውሱን ጌም ሊኑክስ በሚገባው ቋንቋ እዚያው እያስተረጎመ ያጫውታል። በ2022 ቫልቭ ስቲም ዴክ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መጫወቻ በሊኑክስ ሠርቶ ሸጠ። ይህን ሁሉ ያደረገው ለጽድቅ አይደለም። ሥራው በሙሉ በማይክሮሶፍት ደጃፍ ላይ እንዲንጠለጠል ስላልፈለገ ነው። ጥቅሙ ግን ለእኛም ደረሰ። በ2025 ጥቅምት ወር በስቲም ጥናት የሊኑክስ ተጫዋቾች ድርሻ 3 ከመቶ ደረሰ። ይህን ቁጥር ለአለቃዬ ባቀርበው «ይሄ ገበያ ነው?» ብሎ ይስቅብኛል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ለጓደኞቼ ሁሉ ደወልኩ።

ለምን እንዲህ ደስ እንዳለኝ ሳስበው ከጌሙ በላይ የሆነ ነገር አገኛለሁ። እኛ ኢትዮጵያውያን ጥቂት ደንበኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ እናውቀዋለን። በዕድሜ ከእኔ ከፍ ያላችሁ አንባቢያን በፊደላችን ለመጻፍ የየራሱ ሶፍትዌር የሚገዛበትን ዘመን ታስታውሳላችሁ። አንዱ መሥሪያ ቤት የጻፈው ደብዳቤ ሌላው ዘንድ ሲከፈት የሳጥንና የምልክት ድርድር ይሆን ነበር። የግዕዝ ፊደል የዓለም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጋሩት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ራሱ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው፤ እሱም በ2007። ከዚያ በፊት ጉዳዩን የገፉት «ገበያው ትንሽ ነው» የሚለውን መልስ ሰምተው ቁጭ ያላሉ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው «እንዴት ነሽ» ብለው ሲጽፉ ይህ ድካም አይታያቸውም። ባይታያቸውም ደግ ነው፤ የተሳካ ማሸጋገር ምልክቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቤተሰቤ ልምጣ። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ላሊበላ ነው፤ ለእንግዳ ክፍል ታከራያለች። ከግቢዋ ቀና ሲሉ አሸተን ማርያም ያለችበት ተራራ ከተማዋን ቁልቁል ሲያይ ይታያል። ያለፉት ዓመታት ለላሊበላ ቀላል አልነበሩም። መጀመሪያ በኮሮና ቱሪስቱ ቀረ። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ደግሞ ከተማዋ በጦርነት መካከል ነበረች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። የእህቴ ልጅ አሁን 14 ዓመቱ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱም አላመለጠውም።

የድሮው ላፕቶፔ ለዊንዶውስ 11 አይመጥንም። የዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ሊኑክስ ሚንት ስጭንበት ግን ማሽኑ ዕድሜው የተመለሰለት መሰለ። ባለፈው ገና ወደ ላሊበላ ስሄድ ለልጁ ይዤለት ሄድኩ። አዲስ አበባ እያለሁ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ጌሞችንም ጭኜበት ነበር። በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም ይባላል፤ እህቴ ግን ልትቆጣ ተዘጋጅታ ጠበቀችኝ።

«ወንድምዬ፣ ይሄ ልጅ የጥይት ድምፅ በጆሮው ሰምቶ አድጓል» አለችኝ ቡናውን እየቀዳች። «አሁን ደግሞ አንተ ጦርነት በሳጥን አምጥተህ ልታስቀምጥለት ነው?»

ብዙ ወላጆች ስለ ጌም ሲያማርሩ ሰምቻለሁ፤ ጊዜ ይበላል፣ ዓይን ያበላሻል፣ ትምህርት ያዘናጋል ይላሉ። የእህቴ ጥያቄ ግን ከነዚህ ሁሉ የከበደ ነበር። ለመልሱ ቸኩዬ ምንም አላልኩም። ላፕቶፑን ከፍቼ ከጫንኳቸው አንዱን አሳየኋት፤ ሲቪላይዜሽን ስድስት ይባላል። የሠራው ፊራክሲስ መቀመጫው ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሜሪላንድ ግዛት ነው፤ አስፓይር የተባለ ሌላ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሊኑክስ አሸጋገረው። እንደ ገበጣ በተራ በተራ የሚጫወቱት፣ መንግሥት ከአንዲት ከተማ ተነሥቶ የሚገነባበት ጌም ነው። በሐምሌ 2020 ኢትዮጵያ ተጨመረችበት። መሪዋ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ የሚናገሩትም በአማርኛ ነው። ልጁ ከኮምፒዩተሩ ውስጥ አማርኛ ሲሰማ ወደ እናቱ ዞሮ ያያት ጊዜ ፊቱ የሚረሳኝ አይመስለኝም።

ኢትዮጵያ በዚህ ጌም ውስጥ ሌላ አገር የማይሠራው አንድ ሥራ አላት፤ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ታንጻለች። የሚታነጸው በኮረብታ ወይም በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ነው። በዙሪያው ተራራና ኮረብታ በበዛ ቁጥር የሚሰጠው የእምነት ነጥብም ይጨምራል። ልጁ ይህን ያነበበው በእንግሊዝኛ ነው፤ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ። ለፈተና እንኳ እንዲህ ሲያነብ አይታው እንደማታውቅ እህቴ ኋላ ላይ ነግራኛለች።

በበዓሉ ማግስት ሦስታችን ወደ አሸተን ማርያም ወጣን። ከከተማው የሁለት ሰዓት ያህል አቀበት ነው፤ በበቅሎም ይወጣል። ገዳሟ ከባሕር ጠለል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በከፊል ከገደሉ የተፈለፈለች ስትሆን አበው ከንጉሡ ከነአኩቶ ለአብ ዘመን ጋር ያያይዟታል። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ በየመታጠፊያው እየቆምኩ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ልጁ ግን እየሮጠ ሄዶ እየሮጠ ይመለሳል። መጨረሻው ላይ በገደሉ ጥግ ባለው ጠባብ መንገድ ደርሰን ዙሪያውን ስናይ ጣቱን እያነሣ መቁጠር ጀመረ።

«አጎቴ፣ እዚህ ቢሆን በስድስቱም በኩል ተራራና ኮረብታ ነው። ሙሉ ይሰጥ ነበር!»

እናቱ ምን እንደሚል ጠየቀችው፤ አስረዳት። «የድሮዎቹ ታዲያ ማን ነግሯቸው ነው እዚህ የመረጡት?» ብላ ሳቀች። እሱም ቀጠለ፤ በጌሙ ውስጥ በረራ የሚባለው ዕውቀት ሲገኝ ያ ቤተ ክርስቲያን ቱሪስት መሳብ ይጀምራል አላት። እህቴ ከታች ወደሚታየው ከተማ ተመለከተች።

«የእኛስ አውሮፕላኑ አለ፤ ቱሪስቱ ነው የቀረው።»

ትንሽ ቆየና ልጁ በዝግታ፣ «ጠላት ከመጣ ግን ይዘረፋል» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። እሷ ናት ዝምታውን የሰበረችው። «ከዚያስ ምን ታደርጋለህ?» አለችው። «ሠራተኛ ልኬ አስጠግነዋለሁ» አላት። ምንም አልመለሰችለትም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባች።

ጌም የልጅን ቁስል ይፈውሳል አልላችሁም፤ እንዲያ ለማለት ሐኪም መሆን ያስፈልጋል። ያየሁትን ብቻ ልናገር። ስለዚያ ዘመን እናትና ልጅ ሲነጋገሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ መነሻ የሆናቸውም ስለ ተዘረፈና ስለ ተጠገነ ሥዕል የተወራ ወሬ ነበር። ማታ እህቴ ሕጓን አወጣች። አንደኛ፣ የቤት ሥራ ሳያልቅ ላፕቶፑ አይከፈትም። ሁለተኛ፣ የሚጫወተው ሳሎን ውስጥ፣ እሷ በምታይበት ቦታ ነው። ሦስተኛ፣ ሰው እያነጣጠሩ የሚተኩሱበት ጌም በዚያ ቤት አይገባም። ሦስቱንም ሕጎች ፈርሜ ተቀበልኩ፤ የማክበሩ ፈንታ የልጁ ነው።

እንግዲህ ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ የጠጣ ላፕቶፕ ላላችሁ ቤተሰቦች ጥቂት ምክር ልስጥ። መጀመሪያ ፎቶዎቻችሁንና ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ አዲስ ሲስተም ሲጫን የነበረው ይጠፋልና። ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ በነፃ ይገኛል፤ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ለመጫኛነት ይበቃል። ሳትጭኑት በፊት ከፍላሹ ላይ አስነሥታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ለጌም የግድ ገንዘብ አያስፈልግም። በብር የማይከፈልበት መደብር ለብዙ ቤት ዝግ በር ነው፤ ሱፐርታክስካርት የተባለው የመኪና እሽቅድምድም ግን ነፃ ነው፣ ያው ፔንግዊን ራሱ ይነዳበታል። ዜሮ ኤ.ዲ. የጥንት መንግሥታት ጌም ነው፤ ከነዚያ መካከል ጎረቤታችን ኩሽ አለች። ለትንንሾቹ ደግሞ ፊደልና ቁጥር የሚያለማምደው ጂኮምፕሪ አለ። ሦስቱንም በፍላሽ ከቤት ወደ ቤት ማቀባበል ሕጋዊ ነው፤ የሠሩት ሰዎች የፈቀዱት ይህንኑ ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የማይሆነውንም ልንገራችሁ። ልጃችሁ የለመደው ፎርትናይት ወይም ቫሎራንት ከሆነ ሊኑክስ ላይ አይሠራለትም፤ ባለቤቶቹ አልፈቀዱም። ማሽኑ በጣም ካረጀ ከባድ ጌሞች ይንቀረፈፋሉ። በእህቴ ቤትም ሲቪላይዜሽን የሚሄደው ሥዕሉ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ወርዶ ነው።

በቀደም ልጁ ደወለልኝ። ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር በነፃ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጎዶት የሚባል እንዳለ፣ በዚያው ላፕቶፕ ላይም እንደሚሠራ ነገርኩት። የአሸተን ማርያምን አቀበት በበቅሎ የሚወጡበት ጌም መሥራት ያምረዋል። «በአማርኛ ይሆናል አይደል?» አለኝ። ይሆናል አልኩት። «ማን ይገዛዋል ብለህ ታስባለህ?» ሲለኝ የማርኬቲንግ ሰው አንደበቴ ሊቀድመኝ ነበር፤ ስለ ገበያው ስፋት፣ ስለ ድርሻውና ስለ ወጪው ላወራ። ዋጠኩት። «መጀመሪያ በቅሎዋን አስኪዳት» አልኩት።